የኮክ ኮብለር ከታች ለምን ውሃ ይሆናል? ችግሮቹና መፍትሄዎቻቸው

ሰኔ ሲገባ አትላንታ ውስጥ ኮክ በሳጥን ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ የኮብለር (ከታች ኮክ፣ ከላይ ሊጥ ሆኖ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ) ፎቶ ስልኬ ላይ መዝነብ ይጀምራል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ ከላይ በደንብ ቡናማ ሆኗል፣ ማንኪያ ሲገባበት ግን ከታች ውሃ ነው። ኮክ መላጥና ኦቨን ቀድሞ ማሞቅ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ከታች ውሃ ሆነብኝ

መጀመሪያ፣ ኮርንስታርች (ከበቆሎ የሚወጣው ነጭ ማወፈሪያ ስታርች) አታብዙ። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ሁለት ማንኪያ አልበቃም ብሎ አራት፣ ከዚያ ስድስት። ውጤቱ ሙጫ ነው፤ የኮኩ ጣዕምም ይጠፋል። ለአንድ ኪሎ የተላጠና የተከተፈ ኮክ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ኮኩ በጣም ጭማቂ ካለው 3።

ችግሩ ስታርቹ ማነሱ ሳይሆን አለመብሰሉ ነው። ስታርች በደንብ እንዲያወፍር ጭማቂው 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መድረስ አለበት። ዳር ዳሩ ቀድሞ ይፈላል፣ መሃሉ መጨረሻ ላይ ነው። 23 በ33 ሴንቲ ሜትር በሆነው የተለመደው መጋገሪያ፣ ዳሩ ከፈላ በኋላ መሃሉ እስኪፈላ ገና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊቀረው ይችላል። ሰው ግን የዳሩን አረፋና የላዩን ቀለም አይቶ ያወጣዋል።

ስለዚህ መሃሉን እዩ። በሊጦቹ መካከል ባለው ክፍተት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ያልበሰለ ጭማቂ ነጣ ያለና የደፈረሰ ነው፤ አረፋውም ትንንሽና ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ ነው። ሲበስል ጭማቂው ይጠራል፣ ያብረቀርቃል፣ አረፋው ይተልቃል፣ ቀስ ብሎም እንደ ሽሮ ይንተከተካል። መሃሉ እንዲህ ሳይንተከተክ ከኦቨን አታውጡ። ላዩ ቀድሞ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጉበትና በ190 ዲግሪ ይቀጥል።

ከወጣ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 45 ደቂቃ አትንኩት። ስታርች የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ለልደት ጋግራ፣ እንግዳ ተቀምጧል ብላ ከኦቨን በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ አቀረበችው። ሳህን ላይ ፈሰሰ። በጣም አዘነች። በማግስቱ ጠዋት የተረፈውን ስትቆርጠው ቅርጹን ይዞ ወጣ። ኮብለሩ ያው ነው፣ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነበር። እንግዳ ከመጣ ቡናው ይቅደም። አቦሉ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ኮብለሩም ይደርሳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ውሃ ከሆነ ኦቨናችሁን ጠርጥሩ። የተከራየ አፓርታማ ኦቨን በጣም ያበሳጨኛል። አንድ ወዳጄ ስንት ጊዜ ዱቄት ሲቀይር፣ ስንት ጊዜ ኮኩን ሲወቅስ ከረመ። የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጥ አስቀመጥን፤ ቁልፉ 190 ይላል፣ ውስጡ 160 ነው። ቴርሞሜትር በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ግዙ።

የበረዶ ኮክ ከሆነ ወንፊት ላይ አሟሙት። የወረደውን ጭማቂ እስኪጋመስ አፍሉና መልሱት። የቆርቆሮ ኮክ ከሆነ ሽሮፑን አጥልላችሁ ስኳሩን ቀንሱ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቢጫው የበቆሎ ዱቄት ስታርች አይደለም። ስታርች ንጹህ ነጭ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይንሸራተታል። በበቆሎ ዱቄት የተሠራ ኮብለር ቀምሻለሁ፤ ውሃውም አለ፣ ከሥሩ ገንፎም አለ።

ሊጡ ከላይ በስሏል፣ ከሥሩ ጥሬ ነው

ሊጡ ቀዝቃዛ ኮክ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ኮኩን ብቻውን 15 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ አስገቡት። ትኩስ ሲሆን ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠራችሁ ጣል ጣል አድርጉበት፤ በመካከሉ የጣት ስፋት ክፍተት ይኑር። ሙሉ በሙሉ ከከደናችሁት እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሊጡን ከሥር ያረጥበዋል። በስሏል ከማለታችሁ በፊት ከመሃል አንዱን በሹካ ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩም ዳቦ መሆን አለበት።

ሊጡ አልነፋም ወይም ጠጠረ

ያልነፋ ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ አርጅቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ ወዲያው ካልገነፈለ ጣሉት። የጠጠረ ከሆነ ብዙ አሽታችሁታል። የድፎ ሊጥ አይደለም፤ ዱቄቱ ከተያያዘ በቃ።

ቅቤ ከሥር አቅልጠው ቀጭን ሊጥ የሚያፈሱበት የአሜሪካ ደቡቦቹ አሠራር ላይ ደግሞ አታማስሉ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ከላይ ኮክ። ሊጡ ራሱ በኮኩ መካከል ይወጣል። ከተማሰለ ከባድ ሆኖ ይቀራል። በዚህ አሠራር የጋለ የመስታወት መጋገሪያ ላይ ከፍሪጅ የወጣ ኮክ እንዳታፈሱ፤ ሊፈነዳ ይችላል። የመስታወት ስብርባሪ የገባበት ምግብ አይመረጥም፣ ሙሉውን ድፉት።

ቅቤውና ጾሙ

እባካችሁ፣ ቅመም የገባበት የተነጠረ ቅቤ አታስገቡ። ኮረሪማውና በሶብላው ኮኩን ይውጡታል፤ ቀረፋ ብትነሰንሱም አይሸሸግም። ለጋ ቅቤ ወይም ጨው የሌለው የሱቅ ቅቤ፣ ከፍሪጅ እንደወጣ።

በጾም ጠንካራውን ማርጋሪን በቀዝቃዛው ተጠቀሙ፤ ወተቱን በአኩሪ አተር ወተት ቀይሩ። ይህ ሊጥ እንቁላል የለውም። ግን የማርጋሪኑን ማሸጊያ አንብቡ። ወተት ያለበት ማርጋሪን አለ፤ ሳያዩ ገዝተው ጿሚ ያስገደፉ ሰዎች አሉ።

ኮኩ ራሱ

እንደ አሸዋ ሻከረ፦ ሳይበስል ፍሪጅ ገብቷል። ውጭ ይብሰል፣ ከዚያ ፍሪጅ።

ከፍሬው አልላቀቅ አለ፦ የወቅቱ መጀመሪያ ኮክ ነው። ጆርጂያ ውስጥ በቀላሉ የሚላቀቀው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ይበዛል።

ጣዕሙ ስኳር ብቻ ሆነ፦ ነጭ ኮክ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ዝቅተኛ ነው። ሎሚ ጨምቁበት፤ በሚቀጥለው ቢጫ ግዙ።

ብረት ብረት አለ፦ ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ላይ ጋግራችሁታል። ኮክ ኮምጣጣ ስለሆነ ከብረቱ ጋር ይነካካል።

አዲስ አበባ ለምትጋግሩ

ከፍታው ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስታርቹ እንዲበስል መሃሉ መንተክተክ ከጀመረ በኋላም 10 ደቂቃ ያህል ጨምሩለት። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሱ፤ አለበለዚያ ሊጡ ቶሎ ተነፍቶ ይወድቃል።

የተረፈውን በማይክሮዌቭ አታሙቁ፤ ሊጡ ይረጥባል። ኦቨን ውስጥ በ175 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል፣ ሳይከደን።