የጓዳ መተግበሪያ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ለቤተሰብ የሚሆን የጓዳና የምግብ ዕቅድ መተግበሪያ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ ነው። የዕቃው ስም፣ ብዛቱ፣ የገባበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፤ ሠንጠረዡ አስቀድሞ ያለቀለት ነው። ሱቅ ውስጥ ግን መዝጋቢው ደመወዝ ይከፈለዋል። ቤት ውስጥ በርበሬ ቆንጥሮ ድስት ላይ የሚጨምረው ሰው እጁ ዘይት ነው፣ ስልኩም ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች ሲታዩ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው። ርእሶቹን ያስቀመጥኳቸው ተጠቃሚው በሚያማርርበት ቃል ነው።

«ለጥቂት ቀን ተጠቀምኩበት፣ ከዚያ ተውኩት»

መጀመሪያ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት ገጽ የትኛው እንደሆነ እዩ። የብዛት መመዝገቢያው ገጽ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ የጠየቃችሁት በዝቷል። ምስሩ 1.4 ኪሎ ይሁን 1.1 ኪሎ የሚያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

መፍትሔው ለአብዛኛው ዕቃ ቁጥሩን ማስወገድ ነው። «አለ»፣ «እያለቀ ነው»፣ «አልቋል» የሚሉ ሦስት ቁልፎች ይበቃሉ። ሰው ጓዳውን ከፍቶ ሲያይ የሚናገረው ይህንኑ ነውና። ቁጥር የሚያስፈልገው በጅምላ ለሚገቡና ባለቤቱ ራሱ ለሚቆጥራቸው ጥቂት ነገሮች ነው፦ በኩንታል ለሚገዛ ጤፍ፣ በጀሪካን ለሚገባ ዘይት፣ ለእንቁላል። የጋዝ ሲሊንደርንም ከዝርዝሩ አትርሱት። የምግብ ዕቃ አይደለም ተብሎ ይዘለላል፣ ግን ወጡ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ የሚያልቀው እሱ ነው።

መለኪያዎቹም ራሳቸውን የቻሉ የችግር ምንጭ ናቸው። ከውጭ የመጣ የመለኪያ ዝርዝር ኦውንስና ፓውንድ ይዞ ይመጣል፤ ገበያው ላይ ያለው ግን መደብ፣ ጣሳ፣ ኪሎና ኩንታል ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ጥያቄ የለውም። መደብን ግን ወደ ኪሎ ለመቀየር አትሞክሩ፤ የቲማቲም መደብ እንደ ወቅቱና እንደ ሻጯ ይለያያል። በመደብ የተገዛ በመደብ ይመዝገብ። ጣሳን በተመለከተ ቤተሰቡን አንድ ጊዜ ብቻ «የእናንተ ጣሳ ስንት ኪሎ ሽሮ ይይዛል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ለዚያ ቤት ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሌላው መንስኤ ይበልጥ የተሸሸገ ነው። መተግበሪያውን የጫነው ሰውና ጓዳውን የሚያውቀው ሰው ላይገናኙ ይችላሉ። ጓዳውን የምታውቀው እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች፣ እጇ ላይ ያለውም ባለ ቁልፍ ስልክ። ስለዚህ የግዢ ዝርዝሩ በአንድ ንክኪ ተራ ጽሑፍ ሆኖ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የሚላክ ይሁን። የጽሑፉ አደራደርም በስልክ ተነቦ የሚገባ መሆን አለበት። «ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ» ለጆሮ ይመቻል፤ ምልክትና አዶ ለጆሮ አይሆንም።

«ሽንኩርት አለ ይላል፣ ጓዳው ባዶ ነው»

ሁለት የተለያዩ መንስኤዎች አንድ ምልክት ይሰጣሉ። አንደኛው ሰው መመዝገብ መርሳቱ ነው፤ ለዚህ የምግብ አሠራሩ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ግብዓት ጎን «የለም» የሚል ቁልፍ አድርጉ። ስሕተቱ የሚታወቀው ምግብ ሊሠራ ሲል ነውና ማረሚያውም እዚያው ይሁን። ሁለተኛው መንስኤ የእናንተ ኮድ ነው።

ለመለየት ሁለት ስልክ በአንድ የቤተሰብ መለያ ክፈቱ። ሽንኩርት 1 ኪሎ ይበል። የሁለቱንም ዳታ አጥፉና በአንደኛው 1 ኪሎ ተጠቅመናል፣ በሌላኛው 2 ኪሎ ገዝተናል በሉ። ዳታውን መልሱ። ትክክለኛው መልስ 2 ኪሎ ነው። 0 ወይም 3 ካያችሁ ስልኮቹ የሚልኩት የመጨረሻውን ቀሪ ነው፤ ኋላ የደረሰው የቀደመውን ያጠፋዋል ማለት ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ በየዕለቱ ይከሰታል።

የሚበጀው ቀሪውን ሳይሆን እንቅስቃሴውን መላክ ነው፦ «1 ኪሎ ወጣ»፣ «2 ኪሎ ገባ»። ቀሪው ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴዎቹ ድምር ይሰላል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ይሰጠው፤ አለዚያ ኔትወርክ ተቋርጦ በድጋሚ ሲላክ 2 ኪሎው 4 ይሆናል። የስልኩን ሰዓት ለቅደም ተከተል አትመኑት። ቀኑ ሳይስተካከል የሚኖር ስልክ ሞልቷል። ይህ ለውጥ የመረጃ ቋቱን ከሥር ስለሚነካ መተግበሪያው ከመውጣቱ በፊት መሠራት አለበት፤ በኋላ ላይ መለወጥ እጅግ ውድ ነው።

«ቡናው አለቀ፣ መተግበሪያው ግን አልቋል አይልም»

አንድ ኪሎ ቡና ተመዝግቦ በየጊዜው 0.1 ኪሎ አሥር ጊዜ ቢቀነስ ኮምፒውተሩ ዜሮ ላይ አይደርስም፤ ከነጥብ በኋላ አሥራ አምስት ዜሮ ያለው ቁራጭ ቁጥር ይቀራል። ከዜሮ ስለሚበልጥም «አለ» ይባላል። በኪሎ፣ በክፍልፋይ አታስቀምጡ፤ በግራም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ። ይኸው ነው።

«ሥጋ ሁለት ቦታ ተመዝግቧል»

አንዷ «ሥጋ» ብላ ጻፈች፣ ሌላው «ስጋ» አለ። ዕንቁላልና እንቁላል፣ ዓሣና አሳ፣ ጐመንና ጎመን እንዲሁ። በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት) እነዚህ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የተለመደው የዩኒኮድ ማስተካከያም አያዋሕዳቸውም፣ ምክንያቱም እንደ ተለያዩ ፊደላት ነው የሚያያቸው።

ለተጠቃሚው የማይታይ፣ ለፍለጋና ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል የስሙ ቅጂ ፍጠሩ። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፤ በሰባቱም ሆሄያት። ሃ እና ሀ፣ ዓ እና አ አንድ ይሁኑ፤ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ይሂዱ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሰውየው የጻፈው ይሁን። የሰውን አጻጻፍ ማረም የጓዳ መተግበሪያ ሥራ አይደለም። መኮሮኒና ማካሮኒ ግን በፊደል ሕግ አይፈቱም፤ ለእነሱ አነስተኛ የተመሳሳይ ቃላት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ለሚጽፉትም እንዲሁ።

«ለገና ሽሮ አቀረበልኝ»

የ2018 ገና ረቡዕ ቀን ዋለ። «ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው» የሚል አንድ መስመር ኮድ ብቻ ያለው መተግበሪያ በዚያ ቀን ዶሮ ወጡን ደብቆ ሽሮ ያቀርባል። ይኸው ኮድ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም ረቡዕና ዓርብ ያስጾማል። በተቃራኒው ሁዳዴ ማክሰኞ ላይ ጥብስ ያቀርባል።

ስለዚህ ሕጎቹ ቅደም ተከተል ይኑራቸው። መጀመሪያ ገናና ጥምቀት ይጠየቁ፤ ቀጥሎ በዓለ ሃምሳ፤ ከዚያ ረጃጅሞቹ አጽዋማትና ገሃድ፤ በመጨረሻ ረቡዕና ዓርብ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ቀላል ነው። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ሆኖ ከፋሲካ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ነነዌም ከእሱ ጋር ይንቀሳቀሳል። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሐምሌ 5 ላይ ስለሚፈታ ርዝመቱ በየዓመቱ ይለያያል። የቀን ዝርዝር በእጅ አትጻፉ፤ በባሕረ ሐሳብ አስሉ፣ ስሌታችሁንም በታወቀ ቀን ፈትኑ። ፋሲካ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2019 ሚያዝያ 24 ይሆናል። ሦስቱም ከወጡ ዐቢይ ጾም በ2018 የካቲት 9፣ በ2019 የካቲት 29 መግባቱን አረጋግጡ።

መተግበሪያው ጳጉሜ ላይ በድንገት የሚዘጋ ከሆነ መንስኤው አሥራ ሁለት ስም ብቻ የያዘ የወር ዝርዝር ነው። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የሚያስብ ኮድም ከስድስት ቀን ጳጉሜ በኋላ በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ነበር፣ የ2020ም እንዲሁ ይሆናል። አንድሮይድም ሆነ አይፎን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በውስጣቸው ይዘዋል፤ ስልኩ አማርኛ ቢሆንም ግን በራሳቸው አይመርጡትም፣ እናንተ ልትጠሩት ይገባል።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ቅሬታው ከቀጠለ ችግሩ «ጾም» የሚለውን ለመላው ቤት አንድ ማብሪያና ማጥፊያ ማድረጋችሁ ነው። በአንድ ቤት እናት ትጾማለች፣ ሕፃኑ ወተት ይጠጣል። ዓሣን በጾም የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ መተግበሪያው ዳኛ አይሁን፣ ይጠይቅ። በሙስሊም ቤት ደግሞ ረመዳን ግብዓቱን ሳይሆን ሰዓቱን ነው የሚቀይረው። ምሳ የሚባለው ሣጥን ጠፍቶ ሱሁርና ኢፍጣር ይተካሉ። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል፣ መግቢያውም በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ተጠቃሚው አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያንቀሳቅስበት ቁልፍ ይኑር።

«ዕቅዱ ሦስተኛው ቀን ላይ ይፈርሳል»

ሰባት ቀን በሦስት ማዕድ፣ ሃያ አንድ ሣጥን፤ ብዙ ዕቅድ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። እኛ ቤት ግን ሃያ አንድ ጊዜ አይበሰልም። እሑድ የተሠራ ወጥ ለሰኞም ይተርፋል፣ የትናንቱ እንጀራ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል። የዕቅዱ መለኪያ ማዕድ ሳይሆን ድስት መሆን አለበት። ድስቱ «ተሠርቷል» ሲባል የቀረው ወጥ ራሱ የጓዳ ዕቃ ሆኖ ይመዝገብ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን የሚቆይ ዕቃ። ከማቀዝቀዣ ውጭ የተቀመጠ እንጀራ በሦስት ቀን ገደማ መሻገት ስለሚጀምር፣ በሦስተኛው ቀን ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ማቅረብ ከማንኛውም «ብልህ» ምክር ይልቅ ይወደዳል።

ሌላው የመፍረስ ምክንያት ዝግጅቱ ነው። ለእሑድ የሚጋገር እንጀራ ሊጡ ሐሙስ መቡካት አለበት፤ ሽምብራ ማታ ይነከራል፤ ከፍሪዘር የሚወጣ ሥጋ ከቀኑ በፊት ይወጣል። እያንዳንዱ ምግብ ከማዕዱ ቀን ወደ ኋላ የሚቆጠሩ ተግባራት ይኑሩት። እንጀራ ገዝቶ ለሚበላ ቤት ደግሞ የሊጡ ማስታወሻ ጨርሶ አይምጣ። በርበሬ ከሁሉም ይለያል። ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልሆ፣ ደርቆ ወፍጮ ቤት እስኪሄድ ሳምንታት ስለሚፈልግ «እያለቀ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከሌሎቹ ብዙ ቀድሞ ይምጣ።

እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም ግብዓት በ1.5 ማባዛት አሳፋሪ ውጤት ይሰጣል። ዶሮ በልማድ 12 ብልት ነው፤ አንድ ተኩል ዶሮ የለም። የማይከፋፈሉትን ወደ ላይ አጠጋጉ። የማብሰያ ጊዜውን ግን አታባዙ።

«ማስታወሻው አይመጣም» ወይም «በማይሆን ሰዓት ይመጣል»

ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ማሳወቂያ ለማሳየት የተጠቃሚው ፈቃድ ግድ መሆኑን አስታውሱ። ፈቃዱን መተግበሪያው ገና ሲከፈት ሳይሆን ሰውየው የመጀመሪያውን ማስታወሻ ሲሞላ ጠይቁ፤ ያኔ ለምን እንደተጠየቀ ይገባዋል። ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ባትሪ ቆጣቢው ነው። ለሽምብራ መንከሪያ የደቂቃ ትክክለኛነት አያስፈልግም፤ ሰፋ ያለ የሰዓት ክልል ስጡት።

በስድስት ሰዓት የሚዛነፍ ከሆነ ግልጽ ነው። ተጠቃሚው 2:00 ብሎ የሞላው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት አስቦ ነው፣ ስልኩ የተረዳው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ብቻውን የቆመ «2:00» የትም አታሳዩ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ቤተሰብ በየትኛው እንደሚቆጥር ራሱ ይምረጥ።

ማስታወሻው በዛ ለሚሉት፣ ለጨውና ለስኳር የማብቂያ ቀን መጠየቅ አቁሙ። በቀን አንድ መልእክት፣ ማታ፣ ወጥ ቤቱ ሳይዘጋ።

«መብራት ጠፍቶ አደረ፣ መተግበሪያው ግን ሥጋው ደህና ነው ይላል»

መንስኤው መተግበሪያው ማቀዝቀዣው ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ ማሰቡ ነው። «መብራት ጠፋ» እና «መብራት መጣ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ጨምሩ። በሩ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ለ24 ሰዓት ገደማ። ጊዜው ከ4 ሰዓት ካለፈ በማቀዝቀዣው ክፍል ያሉት ጥሬ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ በቀይ ይታዩ፤ ቅቤና አትክልት ይቆዩ። በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ መተግበሪያው ስለማያውቅ «ደህና ነው» የሚል ቃል ከዚህ ገጽ ላይ ፈጽሞ ይውጣ።

ቁልፎቹ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ የቤቱ ዋይፋይም አብሮ ይጠፋል። ሰውየው መንካት ከረሳና ጠዋት ካስታወሰም የጠፋበትን ሰዓት በግምት የሚሞላበት ቦታ ይኑረው፤ ሁለት የቤተሰብ አባላት የተለያየ ሰዓት ከሞሉ ረጅሙን ጊዜ ውሰዱ።