ዡጂያጂያኦንና ሻንጋይን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ለዕቃ ግዢ ወይም ለስብሰባ ሻንጋይ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አይቶ የሚመለሰው ሆቴሉን፣ ገበያውንና ኤርፖርቱን ነው። ያስቆጫል። እዚያው ሻንጋይ ውስጥ፣ በሜትሮ የሚደረስባት ዡጂያጂያኦ የምትባል በቦዮች የተከበበች ጥንታዊ ከተማ አለች። አንድ ትርፍ ቀን ካላችሁ ጠዋቱን ለእሷ፣ ማታውን ለሻንጋይ ፎቆች ስጡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ጠባቦቹ መንገዶች ረፋዱ ላይ በሰው ይሞላሉ፤ ፎቆቹ ደግሞ የሚያምሩት መብራት ሲበራ ነው።

1. ስልካችሁን ከአገር ሳትወጡ አዘጋጁ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ቻይና ውስጥ የጎዳና ሻጭ ሳይቀር ክፍያ የሚቀበለው በስልክ ነው። ስለዚህ አሊፔይን ወይም ዊቻትን ጫኑና በውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ካርድ ወይም ማስተርካርድ አያይዙበት።

ይህን እዚያ ስደርስ አደርገዋለሁ አትበሉ። መተግበሪያውም ባንካችሁም የማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ ይልካሉ። ሲምካርዳችሁ ውጭ አገር መልእክት ካልተቀበለ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ምዝገባውን ቤታችሁ ጨርሱ፤ ሮሚንግ አስከፍቱ፤ ሲሙንም ከስልኩ አታውጡ። የፓስፖርት መረጃ ሲጠይቃችሁ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ።

ጥቂት የዩዋን ጥሬ ብርም ያዙ፣ ግን ዝርዝር ይሁን። ባለ 100 ዩዋን ኖት ይዞ ትንሽ ሱቅ መግባት መልስ ፍለጋ መቆም ነው።

ጉግል ማፕ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም በቻይና ኢንተርኔት ላይ ዝግ ናቸው። ለካርታ ከአገሬው የተሻለ የለም፤ አማፕን ጫኑ።

2. በሜትሮ ሂዱ

ታክሲ አያስፈልግም። በመስመር 2 ሆንግቻዎ ባቡር ጣቢያ ድረሱና ወደ መስመር 17 ቀይሩ። ዡጂያጂያኦ የሚል ጣቢያ አለ። ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ በእግር ይደረሳል። የሥራ ቀን ምረጡ፤ በፈረንጆች ኦክቶበር መጀመሪያ (በእኛ መስከረም መጨረሻ) ላይ ከሚውለው የቻይና ብሔራዊ በዓል ሳምንትማ ሽሹ።

3. ድልድዩን፣ ጀልባውን፣ የአትክልት ቦታውን

ከተማዋ መግቢያ አይከፈልባትም፤ የሚያስከፍሉት አንዳንድ ቤቶችና የአትክልት ቦታዎች ናቸው።

መጀመሪያ ፋንግሼንግ ድልድይ ላይ ውጡ። እ.ኤ.አ. በ1571 የተሠራ፣ አምስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው። ግርጌው ላይ ትንንሽ ዓሣዎች በሕይወት እያሉ በላስቲክ ውሃ ውስጥ ይሸጣሉ። ሰው ገዝቶ ወደ ወንዙ ይለቃቸዋል፤ በቡድሃ እምነት ነፍስ ማዳን ጽድቅ ነው። ቆም ብላችሁ እዩ።

በእጅ የሚቀዘፈውን የእንጨት ጀልባ አትለፉት። የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ሰብሰብ ብሎ መሄድ ያዋጣል። ለእኔ አጭሩ ጉዞ ይበቃል።

ከሱቆቹ ይልቅ ከዢ የአትክልት ቦታ ጊዜ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ1912 ያሠራው ባለጸጋ ንባብና እርሻ አብረው ይሂዱ ብሎ የመጻሕፍት ቤትም ማሳም አስገብቶበታል። ይህን ሐሳብ በጣም እወደዋለሁ።

4. ምግብ ላይ ጠይቁ

የከተማዋ መለያ በአኩሪ አተር ስጎ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ነው። ዞንግዚ የሚሉት ደግሞ የሚያጣብቅ ሩዝ ነው፤ እንደ ኮባ ዳቦ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ይቀቀላል። ሴቶቹ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ሲጠቀልሉት ማየት ደስ ይላል። ግን አብዛኛው ውስጡ አሳማ አለበት። ባለ ቀይ ባቄላው ላይም አንዳንዴ የአሳማ ስብ ይገባል። ጾም ከያዛችሁ ወይም አሳማ ካልበላችሁ ጥያቄውን በቻይንኛ አስተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙና አሳዩ።

5. ከመምሸቱ በፊት «ባንድ» የሚባለው የወንዝ ዳርቻ ድረሱ

በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ናንጂንግ ምሥራቅ መንገድ ጣቢያ ውረዱና ወደ ሁዋንግፑ ወንዝ ሂዱ። ከወንዙ ማዶ 632 ሜትር የሚረዝመው ሻንጋይ ታወርና 468 ሜትሩ የቴሌቪዥን ማማ ፊት ለፊት ይታያሉ። ፎቅ ላይ ለመውጣት ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሰማዩን እዩ፤ ደመና ካለ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ወንዙን ለመሻገር ውዱን የቱሪስት መርከብ ትታችሁ የሕዝቡን ጀልባ ያዙ፤ ዋጋው 2 ዩዋን ነው።

ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ስትወርዱ ጣቢያው ላይ አይታችሁ ፎቶ አንሱት።