አዲስ የመስሚያ መሣሪያ በሙከራ ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ቀን የሙከራ ጊዜ ያገኛል። ካልተስማማው ይመልሳል። የሚያናድደው ገና በወጉ ሳይስተካከል፣ ያውም ግማሹን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ «አልረባኝም» ተብሎ የሚመለሰው ነው። ስህተቶቹ ከዚህ በታች አሉ። እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ከሁሉም ይከፋል።

ቀኑን አለመቁጠር

ሙከራው የሚቆጠረው ከከፈሉበት ቀን ነው ወይስ መሣሪያውን ከተረከቡበት? ሲመለስ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ? ለጥገና ቢላክ ቆጠራው ይቆማል? ሦስቱንም ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይያዙ። የመጀመሪያውን የማስተካከያ ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሌላውን ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያስይዙ። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መደብር ውስጥ የሚሸጡም አሉ፤ የተፈቀዱት 18 ዓመት ለሞላቸውና የመስማት ችግራቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ነው ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ነው። እነሱን የገዛ ሰው ስለመመለስ የተጻፈውን ካርቶኑ ላይ ያንብብ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

ኦዲዮሎጂስቷ (የመስማት ባለሙያዋ) «እንዴት ነው?» ትላለች። አባት «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ቀጠሮው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። መኪናው ውስጥ ገብተው በሩ ሳይዘጋ ለልጃቸው «ኧረ ይሄ ነገር ጭንቅላቴን በጠበጠው!» ይሏታል። ይኼ ትዕይንት ስንት ጊዜ ተደገመ! ይሉኝታ ለጎረቤት ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ብዙ ሺህ ዶላር የወጣበትን ዕቃ ከንቱ ያስቀራል። ባለሙያዋ ፊት ያለው ኮምፒውተር ላይ «ደህና ነው» የሚባል ቁልፍ የለም። ቅሬታዎን ብትሰማ ግን የምትነካው ነገር አላት።

«ሳሕን ሲጋጭ፣ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ያስበረግገኛል» ካሉ፣ የተራውን ንግግር መጠን ሳትነካ ኃይለኛው ድምፅ የሚቆምበትን ጣሪያ ዝቅ ታደርጋለች። «ከሌላ ክፍል ሲጠሩኝ አልሰማም» ካሉ ደካማ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን ከፍ ታደርጋለች። «ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ካሉ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ትሄዳለች፤ «ጠማኝ» እና «ሰማኝ»፣ «ፈላ» እና «ጠላ» የሚለዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፣ እንደ ሰ እና ፈ ያሉት ፊደላት ደግሞ የሚታወቁት በቀጭኑ በኩል ነው። «ዋሽንት ስሰማ ድምፁ ይንቀጠቀጣል» ቢሉ እንኳ መልስ አለው፦ ፉጨት የሚያፍነው ክፍል የዋሽንቱን ረጅም ድምፅ እንደ ፉጨት ቆጥሮት ስለሆነ፣ የሙዚቃ ፕሮግራም ትጨምርልዎታለች።

ስለዚህ ኪስዎ ውስጥ ወረቀት ይኑር፤ ወይ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። የት፣ የምን ድምፅ፣ ምን ሆነ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ማታ፣ ወጥ ቤት፣ ቧንቧ ተከፍቶ። የውኃው ድምፅ ሁሉን ዋጠው። ልጄ ከኋላዬ ስታወራ አልለየሁም።» እንዲህ ያሉ አምስት መስመሮች ከአንድ ሰዓት ወሬ ይበልጣሉ።

የዚሁ ስህተት ወንድም ደግሞ፣ ልጅ በአባት ፈንታ ሲመልስ ነው። ልጁ የሚያውቀው ቴሌቪዥኑ መቀነሱን ነው፤ አባቱ ጆሮ ውስጥ ያለውን አያውቅም። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በነፃ ማቅረብ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፦ ቃል አስደግሞ የሚደረገው ምርመራ በእንግሊዝኛ ቃላት ከሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪ ዝቅ ያለ ውጤት ቢያመጣ ጆሮው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የጢጥታ ድምፅ እየሰሙ ቁልፍ የሚጫኑበት ምርመራ ግን ቋንቋ አይመርጥም። ቋንቋዎ አማርኛ መሆኑን አስቀድመው ያስመዝግቡ።

የራስን ድምፅ ሰምቶ መደንገጥ

«እንስራ ውስጥ ሆኜ የማወራ ይመስለኛል» የማይል ጀማሪ ጥቂት ነው። ከመማረርዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። መሣሪያው በርቶ ሳለ «ኢ...» እያሉ ድምፅዎን ያስረዝሙ። ከዚያ ያጥፉት፤ ከጆሮዎ ግን አያውጡት። እንደገና «ኢ...» ይበሉ። ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ ችግሩ የጆሮዎ ቀዳዳ መደፈኑ ነው፦ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ (ዶም የሚሉት) ቀዳዳ ወዳለው ይቀየራል፣ ወይም በልክ የተሠራው ማስገቢያ አየር መተንፈሻው ይሰፋል። ሲጠፋ የሚተው ከሆነ ደግሞ የወፍራም ድምፆች ጉላት በዝቷል፤ እሱ በኮምፒውተር ይቀነሳል። የዚህን ሙከራ ውጤት ይዞ የመጣ ሰው የባለሙያውን ግማሽ ሥራ ሠርቶ መጥቷል።

ለእንግዳ ብቻ ማድረግ

እንደ በዓል ልብስ ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ብቻ የሚያወጡት አሉ። አንጎል ለዓመታት ያልሰማውን የፍሪጅ እምምታና የራስን እግር ኮቴ «ይኼ ተራ ነገር ነው» ብሎ ችላ ለማለት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን አይማርም። ከቻሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእንቅልፍ በቀር ሁሌ ያድርጉት፤ ከከበደዎ ከሦስት አራት ሰዓት ይጀምሩና በየቀኑ ይጨምሩ። መሣሪያው ያደረጉበትን ሰዓት ይመዘግባል። «ሁሌ ነው የማደርገው» ቢሉም በቀን 1 ሰዓት ተኩል መሆኑን ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ያየዋል።

ሁለቱም ጆሮ ላይ ታዞ ሳለ «አንዱ ይበቃኛል» ማለትም እዚሁ ይገባል። ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው፣ በጫጫታም መሀል ንግግር በቀላሉ የሚለየው በሁለቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሠርግ አዳራሽ

ስፒከሩ ጣሪያ እያንቀጠቀጠ የ20 ዓመት ወጣት እንኳ ጎኑ ያለውን አይሰማም። ከጸጥተኛ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር ይጀምሩ፣ ከዚያ ሦስት አራት ሰው፣ ከዚያ ወደ ቡናው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፦ ቡናው ሲቆላ፣ ሙቀጫው ሲመታ፣ ሲኒው ረከቦት ላይ ሲንቃጨል፣ አምስት ሰው በአንዴ ሲያወራ። መሣሪያዎቹ ጫጫታ ሲበዛ ፊት ለፊት ያለውን ይዘው ከኋላ ያለውን ለመቀነስ ይሞክራሉ። ስለዚህ ረከቦቱና ወጥ ቤቱ ከጀርባዎ፣ የሚያዋራዎት ሰው ከፊትዎ ይሁን። ለክብር ተብሎ ከወጥ ቤቱ በር ትይዩ ያስቀመጡዎት እንደሆነ ወንበር ይቀይሩ፤ ማንም አይቀየምም።

አገባብ

ቀይ ምልክት ቀኝ፣ ሰማያዊ ግራ። ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ የምትገባው ቀጭኗ ሽቦ ከጆሮ ፊት ቀስት ሠርታ ከወጣች ዶሙ ጠልቆ አልገባም፤ የሚያፏጨውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ሽቦዋ ጉንጭ ላይ ልጥፍ ማለት አለባት። ገብቶም ካፏጨ የጆሮ ኩክ መኖሩን ያስመርምሩ፣ ወይም የዶሙ መጠን ይቀየር። ነጠላ ወይም ሻሽ ጆሮ ላይ ጥብቅ ብሎ ሲጠመጠም ድምፁን ወደ ማይክሮፎኑ ይመልሰዋልና ያፏጫል፤ ጨርቁም ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ጥቂት ላላ ማድረግ ነው። የፊት ጭምብል ሲያወልቁ ደግሞ ክሩ ከጆሮ ጀርባ ያለውን መሣሪያ ይዞ ይፈናጠራል፤ በአንድ እጅ ይያዙት።

ዶም ተላቆ ጆሮ ውስጥ ከቀረ በክብሪትም በጸጉር መቆንጠጫም አይቆፍሩ፤ ክሊኒክ ይሂዱ።

ስልክ፦ ከጆሮ ጀርባ የሚውለው መሣሪያ ማይክሮፎኑ ላይ በኩል ነው ያለው። ስልኩን እንደ ድሮው ቀዳዳው ላይ ደግነው «አይሰማም» ከማለትዎ በፊት ማዳመጫውን ጥቂት ከፍ አድርገው ወደ መሣሪያው ያስጠጉት።

«ሞተ» ብሎ መመለስ

አብዛኛው «የሞተ» መሣሪያ ኩክ የዘጋው ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ማጣሪያ አለች። የምትቀየርበት ትንሽ ዘንግ ሁለት ጫፍ አለው፦ በባዶው ጫፍ አሮጌዋን ወግተው ይስባሉ፣ አዙረው አዲሷን ያስገባሉ። ባትሪ ድንጋይ የሚጠቀም ከሆነ ስቲከሩን ከላጡ በኋላ አየር እስኪያገኝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ይክተቱት፤ ስቲከሩን መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ቡናማው ስቲከር 312 ነው፣ ብርቱካናማው 13፤ አይለዋወጡም። ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ማታ ቻርጀሩ ላይ ሲያስቀምጡ መብራቱ እንደበራ አይተው ይሂዱ።

አፑን መነካካት

የመሣሪያውን ድምፅ ከስልክ ላይ የሚቀይር አፕ አለ፤ ልጆች ናቸው በብዛት የሚያበላሹት። በየግማሽ ሰዓቱ ድምፅ የሚቀየርለት ጆሮ ከየትኛው ይላመድ? የመጀመሪያውን ሳምንት አፑን ይተዉት።

ሕመምን እንደ መላመድ መቁጠር

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከክ የተለመደ ነው። ቁስለት፣ ፈሳሽ፣ ማዞር፣ ወይም በድንገት የአንድ ጆሮ መስማት መቀነስ ግን አይጠበቅም፤ መሣሪያውን አውጥተው ሐኪም ጋ ይሂዱ። በተለይ ድንገተኛው መቀነስ በዚያው ቀን ይታይ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ላይም ካልተስማማዎ፣ ከመመለስዎ በፊት «ሪል ኢር ሜዠርመንት ተሠርቶልኛል?» ብለው ይጠይቁ። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከመሣሪያው ጎን ጆሮ ውስጥ ገብቶ ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን ድምፅ ይለካል፤ ያለ እሱ የተስተካከለ መሣሪያ ለእርስዎ ጆሮ ሳይሆን ለመካከለኛ ጆሮ በግምት የተሰፋ ነው። ካልተሠራ ያሠሩ፣ አንድ ሳምንት ይጨምሩ። ከዚያም አልሆነም? ቻርጀሩን፣ የተረፉትን ዶሞች፣ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዘው ከመጨረሻው ቀን በፊት ይመልሱ፤ የመመለሻ ወረቀቱንም ተፈርሞ ይቀበሉ።