ሚኒራል ሰንስክሪን ወይስ ኬሚካል? ለኛ ቆዳ እንዴት እንደሚመረጥ

ሰንስክሪን (የፀሀይ መከላከያ ቅባት) ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ኬሚካሉን ተወው ሚኒራሉን ግዛ" የሚል ነው፣ እሺ ብሎ ሚኒራሉን ገዝቶ ሲቀባው ግን ፊቱ አመድ የለበሰ ይመስልና ወይ ጭራሽ ይተወዋል ወይ ደግሞ እንዳይታይበት በጣም ትንሽ ብቻ ይቀባል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል ምክንያቱም በትንሹ የተቀባ ሰንስክሪን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ኤስፒኤፍ የሚባለውን የመከላከያ ቁጥር ያህል አይከላከልም፣ ሰውየው ብሩን አውጥቶም ፀሀይ እየመታው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከቆዳችሁ፣ ከውሏችሁና ካለባችሁ ችግር ተነስታችሁ ብትመርጡ ነው የሚሻለው።

ሚኒራል የሚባለው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ሁለቱም ያሉበት ነው። ኬሚካል የሚባለው ደግሞ አቮቤንዞን፣ ኦክቶክሪሊን፣ ሆሞሳሌት፣ ኦክቲሳሌት ምናምን የሚሉ ስሞች ያሉበት ነው። ብዙ ጊዜ "ሚኒራሉ ጨረሩን ይመልሳል፣ ኬሚካሉ ግን ውጦ ያስቀረዋል" ይባላል፣ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፣ ዚንኩም ቲታኒየሙም አብዛኛውን ዩቪ ጨረር (በአይን የማይታየውን ቆዳ የሚጎዳ የፀሀይ ጨረር) የሚያስቀሩት ራሳቸው ውጠው ነው፣ መልሰው የሚበትኑት ትንሹን ነው። ለኛ ለተጠቃሚዎች የሚታየው ልዩነት ሌላ ነው፦ ሚኒራሉ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ቆዳው ላይ ይቀመጣል፣ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አያቃጥልም፣ አለርጂ የሚቀሰቅሰውም ከስንት አንድ ነው ግን ነጭ ይሆናል። ኬሚካሉ ቅባቱ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ሲቀባ አይታይም፣ ቀላል ነው፣ ግን አንዳንድ ሰው ላይ በተለይ አይን አካባቢ ያቃጥላል።

ኬሚካሉ ደም ውስጥ ይገባል የሚባለውስ? እውነት ነው፣ ግን ከነሙሉ ታሪኩ መነገር አለበት። 2019 ላይ የአሜሪካው የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪ የኤፍዲኤ ተመራማሪዎች 24 ሰዎችን 75 በመቶ የሰውነታቸውን ክፍል በቀን 4 ጊዜ ለ4 ቀን ሰንስክሪን አስቀብተው ደማቸውን ሲያዩ እነ አቮቤንዞንና ኦክሲቤንዞን ተጨማሪ ጥናት ሳይደረግ ሊታለፍ ከሚችለው መጠን በላይ ተገኝተዋል። በዛው አመት ኤፍዲኤ ባወጣው ረቂቅ ላይ ዚንክ ኦክሳይድንና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ብቻ አስተማማኝና ውጤታማ ብሎ ሲያስቀምጥ ለሌሎች 12 ኬሚካሎች ደግሞ ተጨማሪ መረጃ አምጡ አለ። ጎጂ ናቸው አላለም፣ ሰውም ሰንስክሪን መቀባቱን እንዳያቆም ነው የመከረው። እኔ ከዚህ ተነስቼ የምለው፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው ፊቱንና አንገቱን ለመቀባት ኬሚካል ቢጠቀም የሚያስጨንቅ ነገር አይታየኝም፣ እርጉዝ ለሆነችና ለህጻን ግን ሚኒራሉ እያለ ሌላ ማማረጥ አያስፈልግም። ከ6 ወር በታች ያለ ህጻን ደግሞ ዋናው መከላከያው ጥላ ነው፣ ሰንስክሪን አይደለም። ከኬሚካሎቹ ውስጥ ኦክሲቤንዞንን ብቻ ብትዘሉት ደስ ይለኛል፣ አለርጂውም ከሌሎቹ ይበዛል ሌላ አማራጭም ሞልቷል። በነገራችን ላይ ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበት ሰንስክሪን እንዳይሸጥ ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች፣ ኮራል የሚባሉት የባህር ውስጥ ፍጥረታት እንዳይጎዱ ተብሎ ነው፣ ጅቡቲ ወይም ዛንዚባር ባህር ልትገቡ የምትሄዱ ካላችሁ ይሄንን አስቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ማድያት። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው፣ በጣም ጥቁር ቆዳ ኤስፒኤፍ 13 አካባቢ ይሆናል ተብሎ ይገመታል፣ ስለዚህ እንደ ነጮቹ ቶሎ አንቃጠልም፣ የኛ ችግር መጥቆርና ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ማድያት ወጥቶባት ስንት ክሬም የቀያየረች፣ ሰንስክሪንም በየቀኑ እየተቀባች ለውጥ ያላየች ሴት ብዙ ናት፣ አንዱ ምክንያቱ ደግሞ ይሄ ነው፦ የኛ አይነት ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው ዩቪ ብቻ ሳይሆን በአይን የሚታየውም የፀሀይ ብርሃን ነው። ኬሚካሎቹ የሚታየውን ብርሃን አያስቀሩም፣ ቀለም የሌለው ሚኒራልም በተለይ ነጭ እንዳይሆን ተብሎ በጣም የደቀቀው ብዙ አያግዝም። የሚያግዘው አይረን ኦክሳይድ ነው፣ ቅባቱን ቡናማ የሚያደርገው ቀለም ማለት ነው። ስለዚህ ማድያት ያለበት ሰው ሚኒራል ነው ኬሚካል ነው ከማለቱ በፊት "ቲንትድ (ቀለም ያለው) ነው ወይ" ብሎ ይጠይቅ። ጀርባው ላይ አይረን ኦክሳይድ የሚል ቃል ወይም ሲአይ 77491፣ 77492፣ 77499 የሚሉትን ቁጥሮች ፈልጉ፣ እነሱ ካሉ አለበት።

ችግሩ ቲንትድ የሚባሉት ብዙዎቹ የተሰሩት ለቀላ ቆዳ ነው፣ እኛ ላይ ወይ ብርቱካናማ ይሆናል ወይ ግራጫ። እንዲህ ከሆነባችሁ ከስር ቀለም የሌለውን ኬሚካል ሰንስክሪን በደንብ ተቀቡና ሲደርቅ ከላይ ከቆዳችሁ ጋር የሚሄድ ፋውንዴሽን አድርጉበት፣ አብዛኛው ፋውንዴሽን ቀለሙን የሚያገኘው ከዛው ከአይረን ኦክሳይድ ነው። ፋውንዴሽኑ ብቻውን ኤስፒኤፍ አለው ተብሎ ግን አይታመንም፣ ማንም የሚበቃውን ያህል ስለማይቀባው። ሜካፕ የማይወድ ሰው ደግሞ ኮፍያ ወይም ጃንጥላ ይያዝ፣ እናቶቻችን ጃንጥላ ሲይዙ የሚታየውንም የማይታየውንም ብርሃን እየከለከሉ ነበር።

ብጉር ለሚበዛበትና ፊቱ ወዛም ለሆነ ሰው ኬሚካሉ ቀለል ስለሚል ይመቻል፣ ጄል ወይም ፍሉይድ የሚለውን ፈልጉ። ቶሎ የሚቆጣ፣ የሚያሳክክ፣ የሚቀላ ቆዳ ካላችሁ ግን ሚኒራል፣ ሽቶ የሌለበት። ለብጉር ትሬቲኖይን የምትቀቡ ከሆነ ቆዳችሁ ለፀሀይ የበለጠ ስስ ስለሚሆን ሰንስክሪን ሳትይዙ አትጀምሩት። ፊት ለማቅላት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ስሙ የማይታወቅ ክሬም እየተቀቡ ከላይ ሰንስክሪን መደረብ ግን እባካችሁ ይቅር፣ ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለበት፣ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አዲስ አበባ ላይ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው።

አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ለናንተ ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ የቆዳ ካንሰር ጉዳይ ነው። የተገኘውን ኤስፒኤፍ 50 ግዙ፣ ሚኒራል ይሁን ኬሚካል አትጨነቁ፣ ጆሮ፣ ከንፈርና የአንገት ጀርባ እንዳይረሳ፣ ከዛ እጅጌ ያለው ልብስና ሰፊ ኮፍያ። ትምህርት ቤትም ሰልፍ ላይ ጥላ ስር እንዲቆም፣ ክፍል ውስጥም ከመስኮት ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ አስተማሪውን አናግሩ።

ለሯጮችና ውጪ ለሚውሉ ሰዎች፣ እንጦጦም ሆነ ሱሉልታ የምትሮጡ፣ ላብ ኬሚካሉን ወደ አይን ይዞት ሲወርድ የሚያቃጥለው ነገር መሮጥ ያስጠላል። ዘዴው ቀላል ነው፣ ግንባርና አይን ዙሪያ ሚኒራል፣ እዛ ላይ በስቲክ መልክ የሚመጣው በጣም ይመቻል፣ የቀረው ፊት፣ አንገትና እጅ ላይ ኬሚካል። ማሸጊያው ላይ ውሃ የሚቋቋም ተብሎ 40 ወይም 80 ደቂቃ የሚል ይኖራል፣ 80ውን ያዙ። አረብ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ሰንስክሪኑን መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፣ ሙቀት ያበላሸዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፣ ነጭ ልብስ። አቮቤንዞን ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ነጭ ጥጥ ላይ ዝገት የመሰለ ቢጫማ ቀለም ይተዋል፣ በረኪና ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ለጥምቀት ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ሙሉ ቀን ፀሀይ ላይ ስትውሉ አንገትና ደረት ላይ ሚኒራል ይሻላል፣ ልብሱን ከመልበሳችሁ በፊት ይድረቅ። ሚኒራሉ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ምልክት ቢያደርግም ሲታጠብ ይለቃል።

"አዲስ አበባ ብርድ ነው ሰንስክሪን ምን ያደርጋል" ለሚል ሰው፣ ብርዱ አያታላችሁ። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ በየ1000 ሜትሩ ዩቪው በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። በስስ ደመና ውስጥም አብዛኛው ዩቪ ያልፋል። ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ የሚቀመጥ ሰውም ነጻ አይደለም፣ መስታወት የሚያቃጥለውን ዩቪቢ ቢያስቀርም የሚያጠቁረው ዩቪኤ ግን ብዙው ያልፋል።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። የአሜሪካ እቃ ከሆነ አክቲቭ ኢንግሪዲየንት በሚል ለብቻው ተጽፏል፣ ዚንክና ቲታኒየም ብቻ ከሆነ ሚኒራል ነው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሚኒራል ተብሎ ጀርባው ላይ ኬሚካል የተቀላቀለበትም ስላለ ጀርባውን እመኑ። የአውሮፓና የኮሪያ እቃ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይደረድረዋል፣ ስሙም ይለያል፣ አቮቤንዞን እዛ ላይ ቡቲል ሜቶክሲዳይቤንዞይልሜቴን ነው የሚባለው፣ ኦክሲቤንዞን ደግሞ ቤንዞፌኖን-3። ሰው ከውጭ ሲመጣ አምጣልኝ የምትሉ ከሆነ እኔ ከአውሮፓ ወይም ከኮሪያ የሚመጣውን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም እንደ ቲኖሶርብ ኤስ ያሉ ጨረሩን የሚያስቀሩ አዳዲስ ኬሚካሎች እዛ ለረጅም አመታት ሲሰራባቸው ቆይተዋል፣ ፀሀይ ላይ እንደ አቮቤንዞን ቶሎ አይፈርሱም፣ ነጭም አይሆኑም፣ ሞለኪውላቸውም ትልቅ ስለሆነ ወደ ቆዳ ብዙ አይገቡም።

ከዛ ኤስፒኤፉን እዩ፣ 30 ከዩቪቢው 97 በመቶውን፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን ያስቀራል፣ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሁላችንም አሳንሰን ስለምንቀባ 50ውን ያዙ። ኤስፒኤፍ የሚለካው ዩቪቢን ነው፣ ለዩቪኤው ብሮድ ስፔክትረም የሚል ጽሁፍ ወይም ክብ ውስጥ ዩቪኤ የሚል ምልክት ወይም የእስያው ላይ ፒኤ++++ መኖሩን አረጋግጡ። ኤክስፓየር ዴቱን እዩ፣ ፎርጅድ ስለሚበዛ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑንም፣ ውሃውና ቅባቱ የተለያየ ከሆነ መልሱት። ቴስተር ካለ ግማሽ ፊታችሁ ላይ በደንብ ተቀቡና ከሱቁ ውጡ፣ በቀን ብርሃን 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በስልካችሁ ካሜራ እዩት፣ የሱቅ መብራት ነጩን ይደብቀዋል።

መጠኑ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ላይ ከስር እስከ ጫፍ ጨምቃችሁ ያ ሁሉ ለፊትና ለአንገት። ይሄን ያህል ሚኒራል ስትቀቡ ነጭ ከሆነባችሁ በአንዴ አትቀቡት፣ የመጀመሪያውን ጣት ተቀቡ፣ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ ሁለተኛውን፣ ሳታሹት በመዳፍ መታ መታ እያደረጋችሁ። እንደዛም ሆኖ አመድ ከመሰለ ያ ሰንስክሪን የናንተ አይደለም፣ አሳንሳችሁ አትጠቀሙት፣ ለእጅና ለእግር አድርጉትና ለፊት ኬሚካል ወይም ቲንትድ ግዙ። ከቤት ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቡ፣ ውጪ ከዋላችሁ በየ2 ሰአቱ ድገሙት፣ ሚኒራል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይቆያል የሚባለው ልክ አይደለም፣ ላብና መሀረብ እሱንም ያነሱታል። ማታ ደግሞ ሚኒራልና ቲንትድ በውሃ ብቻ ስለማይለቁ መጀመሪያ በዘይት ወይም በሜካፕ ማስለቀቂያ፣ ከዛ በለስላሳ የፊት ሳሙና ታጠቡ።