ባለ 12 ቮልት የውሃ ፓምፕ ፒክአፕ ላይ እንዴት ይገጠማል

ጎንደር ላይ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ በፒክአፕ ጭኖ ማመላለስ የተለመደ ነው። ወደ በርሜል ከሆነ በጎማ ማውረድ ይበቃል፤ ፎቅ ላይ ወዳለ ሮቶ ከሆነ ግን ፓምፕ የግድ ነው። ኢንቨርተር ገዝቶ የቤቱን 220 ቮልት ፓምፕ ማስነሳት አያዋጣም። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከመኪናው ባትሪ ከ30 አምፔር በላይ ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ። ባለ 12 ቮልት ዲያፍራም ፓምፕ (ውሃውን በሚተጣጠፍ ላስቲክ የሚገፋው) ቀስ ቢልም ባትሪ አይገድልም።

የሚያስፈልገው፦ 8 አምፔር ገደማ የሚስብ ፓምፕ ከነማጣሪያው፣ 15 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ 30 አምፔር የሚችል ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ)፣ ማብሪያ፣ 6 ሜትር ቀይና 6 ሜትር ጥቁር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ለማብሪያው ቀጭን ሽቦ።

1. የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ።

2. ፓምፑን ካሶኒው ላይ ከሮቶው ግርጌ እኩል አድርጋችሁ እሰሩ፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይግባለት። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ ከፍታ እዚህ አይደርስም። ማጣሪያው ከፓምፑ በፊት ይግባ።

3. ሽቦ መዘርጋት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከባትሪው እስከ ካሶኒው 5 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር ነው። በባለ 0.75 ሽቦ 8 አምፔር ሲያልፍ ወደ 1.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፓምፑ ያቃስታል፣ ውሃውም ይቀጥናል። በባለ 1.5 የሚጠፋው 0.9 ቮልት፣ በባለ 4 ደግሞ 0.35 ብቻ ነው። ለቤት መስመር የሚሸጠውን ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ አትግዙ፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ንዝረት ውስጡ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ምረጡ።

ኔጋቲቩን ካሶኒው ላይ በብሎን ማሰር ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። በብዙ ፒክአፖች ካሶኒው ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው በቀለም፣ በዝገትና በጎማ መሃል ነው፤ ዛሬ ቢሰራ ከክረምቱ በኋላ ይደክማል። ጥቁሩን ቀጥታ ወደ ባትሪው መልሱት። ሽቦው ካጠረባችሁም ሻንሲው ላይ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ በሮንዴላ አጥብቁና ግሪስ ቀቡት።

ሽቦውን ፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት፤ ከማርሚታውና ከፍሬን ቱቦ አርቃችሁ እሰሩ። የሽቦ መቀጠያን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የሞተር ሙቀት እስኪያላቅቀው ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው።

4. ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይግባ። ፊውዝ የሚጠብቀው ፓምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ካሶኒው ላይ ከተደረገ፣ መሃል ላይ ሽቦው ሻንሲ ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም። 12 ቮልት ሰው አይይዝም፤ መኪና ግን ያቃጥላል። ባለ 15ቱ ሲቃጠል ባለ 30 የሚተካም አለ፤ መፍትሔው ግን የተላጠውን ቦታ መፈለግ ነው።

5. ሪሌው ኮፈን ስር፣ እግሮቹ ወደታች ዞረው ይታሰር። እግሮቹ ላይ በተጻፈው ቁጥር፦ 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ፓምፑ ቀይ፣ 85 ወደ ቦዲ፣ 86 ከማብሪያው። ማብሪያው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ካለው መስመር ይመገብ፤ ያኔ ረስታችሁት ብትሄዱ ባትሪው አያልቅም። ባለ አምስት እግር ሪሌ ከገዛችሁ መሃል ያለውን 87ኤ አትንኩት፤ እሱ ላይ ከታሰረ ፓምፑ ማብሪያው ሲጠፋ የሚሰራ ይሆናል።

6. የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሳችሁ እሰሩና ሞተሩን አስነስታችሁ ፓምፑ እየሰራ በቴስተር ለኩ። ፓምፑ ጫፍ ላይ 13 ቮልት ገደማ ካለ ጥሩ ነው። ከ12 በታች ከሆነ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ በጥቁሩ በኩል ነው። ካልሆነ ፖዘቲቩን በተመሳሳይ መንገድ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ የፊውዙ ቤት ላልቶ ይገኛል፣ ሲነኩትም ይሞቃል።