ሽታውን በውኃው መንገድ መላክ፦ በአሽቀሎን ዳርቻ በማባበያ ዓሣ ማጥመድ

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የማየው ነፋሱን ነው። የሜዲትራንያን ባሕር ሙላቱና ጉድለቱ ትንሽ ስለሆነ፣ በእስራኤሏ የአሽቀሎን ከተማ ዳርቻ ውኃውን የሚነዳው በአብዛኛው ነፋስና ማዕበል ነው። ስለዚህ አንድ እፍኝ የዳቦ ፍርፋሪ በትኜ ወደየት እንደሚሄድ እከታተላለሁ። የታችኛው ውኃ ሊለይ ስለሚችል፣ ክሩን የሚያሰጥመውን የእርሳስ ክብደት ጥዬ ክሩ ወደየት እንደሚያዘነብልም አያለሁ። ሽታው የሚጓዘው በዚያው ነው። ማባበያው፣ ማለትም ዓሣ እንዲመጣ ውኃው ውስጥ የምንጥለው ምግብ፣ ውኃው ከሚመጣበት፣ መንጠቆው ውኃው ከሚሄድበት በኩል መውደቅ አለበት።

ለማባበያው አራት ሰርዲን ከነራሱና ከነአንጀቱ በሙቀጫ እወቅጣለሁ። ዓሣን የሚጠራው ከደሙና ከሥጋው ወጥቶ በውኃ የሚሟሟው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ነውና አንጀቱን አትጣሉት። ሁለት እጅ የደረቀ ዳቦ፣ አንድ እጅ አሸዋ ጨምራችሁ በባሕር ውኃ አርጥቡት። አሸዋውን አትናቁት። የሰርዲን ዘይት ስለሚንሳፈፍ ላይ ላዩን ለሚሄደው ቡሪ ለሚባለው ዓሣ ይጠቅማል፤ ከታች አሸዋ ለሚጭሩት ማርሚርና ዴኒስ ለሚባሉት ዓሦች ግን ማባበያው ክብደት ኖሮት መስጠም አለበት። ሲጨብጡት የሚይዝ፣ በአውራ ጣት ሲገፉት የሚፈረከስ ከሆነ ደርሷል። ከብርቱካን በማይበልጥ መጠን አድቦልቡሉት።

በየአሥር ደቂቃው አንድ ድብልብል ይበቃል። አንድ ምሽት ቸኩዬ ሙሉ ባልዲ ደፋሁ። ዓሣው መጥቶ ውኃውን ሲያምሰው በዓይኔ አየሁ፤ መንጠቆዬ ግን እስከ ንጋት አልተነካም። የተዘረጋለት ማዕድ አጥግቦታል።

በልጅነቴ ጣና ላይ የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ውኃው ላይ የሚበትኑ ነበሩ። እሱ ትልቁንም ጫጩቱንም አደንዝዞ ያንሳፍፋል። ማባበያን የምወደው ዓሣው በራሱ ፈቃድ ስለሚመጣ፣ ትንሹንም በሕይወት መመለስ ስለሚቻል ነው።

መንጠቆው ላይ የማደርገው ሽሪምፕ ነው። እኛ ቤት አይበላም፤ ዴኒስ ግን ይወደዋል። ልጣችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። ጨው ውኃውን ስለሚመጠው ሥጋው ይጠነክራል፣ ስትወረውሩት አይረግፍም። ደህና ቢመስልም በየሃያ ደቂቃው ቀይሩት፤ ሽታው ታጥቦ ሄዷል።

ለእጃችሁም ተጠንቀቁ። የሰው ቆዳ ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ አለው፤ ሳልሞን ያን ሲያሸት እንደሚሸሽ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በዚህ ላይ የፀሐይ ቅባትና ቤንዚን ሲጨመር አስቡት። እኔ መንጠቆ ከመንካቴ በፊት እጄን በእርጥብ አሸዋ አሽቼ በሰርዲኑ ፈሳሽ እለቀልቀዋለሁ።

ንክሻው ሲጀምር ብዙ ሰው ማባበያ ይጨምራል። እኔ እቀንሳለሁ። ግማሽ ድብልብል፣ እዚያው ቦታ፣ ከዚያ ዝም ብዬ የዘንጉን ጫፍ ማየት።