ከአሮጌ ቶርኖ ጋር የመጣ ዕቃ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሳጥን ስም የለሽ ብረትም አብሮ ይረከባል። ሻጩን ብትጠይቀው «አብሮት የነበረ ነው» ይልሃል፣ አለቀ። ቢሆንም እንዳትጥለው።

መጀመሪያ እጠበው፤ በናፍጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብቻ። ግራይንደርና የሽቦ ብሩሽ እንዳታስጠጋ። ፋብሪካው የመታበት ቁጥር ጥልቀት ስለሌለው ከዝገቱ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። ቁጥሩ ካልታየህ ስስ ወረቀት ጣል አድርግበትና እርሳስ በጎኑ እሸበት፣ ብቅ ይላል። ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ጎላ ያለ ቁጥር ካገኘህ ግን ቶሎ ደስ አይበልህ፤ ብዙ ጊዜ የቀለጠው ብረት የፈሰሰበት የቅርጽ ማውጫ ቁጥር ነው እንጂ የዕቃው መለያ አይደለም።

ከዚያ የሚያብለጨልጭ ቦታ ፈልግ። እዚያ ጋ ሌላ ብረት ሲፋተግ ኖሯል ማለት ነው። ቀዳዳው ውስጥ ዙሪያውን ካብለጨለጨ ዘንግ ሲዞርበት ነበር፤ አራት ማዕዘን ቦይ ከተቆረጠበት ደግሞ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞር ነበር።

አሁን ልኬት። ማርሽ ከሆነ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርግና ቁጠር። 127 ከመጣ ተገላገልክ፦ የኢንች ቶርኖ የሚሊሜትር የብሎን ጥርስ፣ ወይም የሚሊሜትር ቶርኖ የኢንች የብሎን ጥርስ እንዲያወጣ የሚገባው ማርሽ ነው፣ 127 ሚሊሜትር ልክ 5 ኢንች ስለሆነ። ሌላ ቁጥር ከሆነ የውጭ ዲያሜትሩን ለካና ለጥርሱ ብዛት ሲደመር 2 አካፍለው፤ የምታገኘው ሞጁሉን ነው፣ ማለትም የጥርሱን መጠን የሚነግርህን ቁጥር። 48 ጥርስ ኖሮት 62.5 ሚሊሜትር ከለካ 1.25 ነው። 63.5 ከለካ ግን 1.27 ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ 20 ዲፒ (ለአንድ ኢንች ዲያሜትር 20 ጥርስ) የሚባለው የኢንች ማርሽ ነው። ልዩነታቸው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በማስመሪያ ወይም በሜትር ለክቼ እለያለሁ ማለት ዘበት ነው። ደህና ካሊፐር (በመንጋጋው ይዞ በጥቃቅን የሚለካ መሣሪያ) ያዝ፣ ጫፋቸው ያልተበላ ጥርሶች ምረጥ። የጥርሱ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ጥርስ ፊት ለፊት ያለው ክፍተት ስለሆነ ካሊፐሩ አሳንሶ ያነብብሃል። እንደዚያ ሲሆን ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ጫፍ ለካ፣ የቀዳዳውን ስፋት ግማሽ ደምርበት፣ ከዚያ በ2 አባዛው።

ማርሽ ካልሆነ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለካና ማሽኑ ላይ እንደዚያ የተራራቁ ባዶ ቀዳዳዎች ፈልግ። ልትሞክረው ከሆነ ሶኬቱን ንቀል፣ በእጅህ አዙረው።

ይሄም ካልሰራ ፎቶ አንስተህ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርግ፣ ከፊትም ከኋላም አንሳው፣ የቶርኖውን ሞዴልም ጻፍ። አንድ ብዥ ያለ ፎቶ ልከህ «ይሄ ምንድነው?» ብትል ማንም አይመልስልህም።